የገደላቸው አረሙ አልነበረም

አየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ አጠገብ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ባሕሩ ሲሸሽ ከዓለቱ ላይ የባሕር አረም እንለቅማለን፤ አድርቀን፣ ፈጭተን፣ ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር እናወጣና በሽታ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስያንን ይገድል እንደሆነ እንሞክራለን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጃፓኖች ማኩሪ የሚሉትን ቀይ የባሕር አረም ለወስፋት ሲጠጡት ኖረዋል። ትሉን የሚያሽመደምደውን ካይኒክ አሲድ የተባለውን ንጥረ ነገርም እ.ኤ.አ. በ1953 ነጥለው አውጥተውታል።

የእኔ ድርሻ ሊሽማንያ ነበር፣ ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ። ታላቅ ወንድሜ መተማ አካባቢ ነርስ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ልጆች ጣፊያቸው አብጦ፣ ትኩሳት ጨርሷቸው ሲመጡ የሚቀበላቸው እሱ ነው። ሕክምናው በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው፣ ለ17 ቀን። ከመርፌዎቹ አንዱ ልብንም ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። "ቀለል ያለ ነገር ፈልጉልን እንጂ" ይለኛል በደወለ ቁጥር።

አንድ ሐሙስ ማይክሮስኮፑን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጭራቸውን እያርገበገቡ ሲዋኙ የነበሩት ተሕዋስያን ቀጥ ብለዋል። ከመሞከሪያው ሳህን ትንንሽ ጉድጓዶች አረሙ በበዛበት ሁሉም ሞተዋል፤ በቀጠነበት ጥቂቶች፣ የበለጠ በቀጠነበት ደግሞ ሁሉም ደህና ናቸው። ግራፉ ሲሳል ያምራል። ያን ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። "ጋሼ፣ አገኘነው መሰለኝ!" አልኩት። "እሰይ የኔ እህት!" አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

ሰኞ ውጤቱን ለኃላፊዬ አሳየኋት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ማሟሚያው ስንት ፐርሰንት ነው?"

የአረሙ ንጥር በውኃ ስለማይሟሟ ዲኤምኤስኦ በሚባል ፈሳሽ ነው የምናሟሟው። እሱ ራሱ ሲበዛ ተሕዋስያኑን ይገድላል። የጓንት ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አሰላችው። እኔ ያዘጋጀሁት ንጥር በአንድ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ብቻ የያዘ ቀጭን ስለነበር ጉድጓዱ ውስጥ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ለማድረስ ብዙ መጨመር ነበረብኝ። ማሟሚያው 5 ፐርሰንት ደርሷል! አረም ያልገባበት ማነጻጸሪያዬ ውስጥ ያለው ግን 0.5 ብቻ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። በየደረጃው ሳቀጥነው አረሙም ማሟሚያውም እኩል ስለሚቀንሱ ነው ግራፉ እንደዚያ ያማረው።

አረም የሌለበትን ዲኤምኤስኦ ብቻውን በዚያው መጠን ሞከርኩት። ሁለቱን መስመሮች ሳደራርባቸው አንድ ሆኑ።

ከዚያ ወፍራም ንጥር አዘጋጅቼ፣ ማሟሚያውን ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ 0.5 አድርጌ ደገምኩት። አረሙ አሁንም ትንሽ ይገድላል። ግን የሚዋኘው ተሕዋስ በሽታውን በምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥ ያለው ነው። ሰው ውስጥ ሲገባ ጭራውን ጥሎ ይድቦለቦልና ሊበላው በሚገባው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ ሴሎቹን ራሳቸውን ከአረሙ ጋር አኖርኳቸው። እነሱም ሞቱ፣ ያውም በዚያው መጠን። ኮሶ የጠጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ትሉን የሚጥለው መድኃኒት ልኩን ካለፈ ጠጪውንም ይጥላል። ካይኒክ አሲድም ቢሆን የአንጎል ሴል ይገድላል። ስለዚህ አሁን "ገደለ" የሚል ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የሰው ሴል በስንት መጠን እንደሞተ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ስልኩ ነው። ወንድሜ ለካ አልጋ ላይ ላለ አንድ ልጅ ነግሮት ኖሯል፤ መርፌው ሲያመው "እህቴ ከባሕር መድኃኒት እየሠራች ነው፣ በርታ" ብሎ። ልጁም በየቀኑ "መቼ ነው የሚመጣው?" ይላል።

"ተሳስቼ ነው ጋሼ" አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ "እኔ እነግረዋለሁ" አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መልእክት ላከልኝ። ልጁ 17ኛውን ቀን ጨርሶ፣ በእግሩ ሄዶ አውቶቡስ ተሳፍሯል።