አስራ ሰባተኛው

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። እንቅልፍ ማጣት ይሆናል። ትናንት የቶተንሃም ስፐርስና የማንቸስተር ዩናይትድ የዩሮፓ ሊግ ፍፃሜ ጨዋታ ሲያልቅ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ እኔ ደግሞ አስራ አንድ ተኩል ላይ ሰልፍ መያዝ አለብኝ። ግን እንቅልፍ ባጣሁ ቁጥር አይከፋኝም፤ የዛሬው ሌላ ነው። ምን እንደሆነ ልደርስበት ብዬ ነው ደብተሩን ያወጣሁት።

ጠዋት አቡሽ በባጃጁ ከብሎካችን በር እስከ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አድርሶኝ ሂሳብ አልቀበልም አለ። ይታያችሁ፣ አቡሽ ነው! አምስት ብር ጎደለ ብሎ እማዬን ከደረጃ ላይ ጠርቶ የመለሰ ልጅ። ስፖኪዮው ላይ ነጭ ጨርቅ አስሯል፤ ውሻ በሌለበት፣ ሰው በሌለበት ክላክሱን ያንባርቃል።

«ዛሬ በነጻ ነው ፋዘር። ዋንጫ በልተናል!»

(ፋዘር ማለት የጀመረኝ ካቻምና ነው። ከዚያ በፊት ብራዘር ነበርኩ። ይሄም አንድ መውረድ ነው።)

«ሊጉ ላይ አስራ ሰባተኛ ሆናችሁ?» አልኩት።

«አስራ ሰባተኛ ሆነን! እናንተስ ሁለተኛ ሆናችሁ ምን ይዛችኋል?»

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? እኛ አርሰናሎች ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ። የመጨረሻዋ ኤፍኤ ካፕ ሐምሌ 2012፣ ያውም ባዶ ስታዲየም ውስጥ። ሊጉማ 1996 ላይ ቀርቷል። ሳንሸነፍ የበላነው፣ ሻምፒዮንነታችንንም ያረጋገጥነው እዚያው የስፐርስ ሜዳ ላይ ነው። ይሄን ለአቡሽ ብነግረው ያኔ ገና ጡት አልጣለም። የስፐርስን የየካቲት 2000 የሊግ ካፕ ዋንጫ እንኳን በወሬ ነው የሚያውቀው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ስፐርስን የያዘው ደግሞ በጥናት አይደለም። እናቱ ከሰልባጅ ተራ ጀርባው ላይ ቤል የሚል ነጭ ማልያ ገዛችለት፤ ቤል ማድሪድ ሄደ፣ ማልያው ጠበበ፣ አቡሽ ቀረ። በዚህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ የስፐርስ ደጋፊ ቢፈለግ እሱ ነው።

ጨዋታው ራሱ የሚወራለት አልነበረም። አንድ ጎል፣ እሷም የሉክ ሾውን ክንድ ነክታ እየተንፏቀቀች የገባች። ከዚያ በኋላ ስፐርሶች አውቶብስ አቆሙ፤ ያ ቫን ደ ቬን የሚሉት ልጅ ኳሷን ከመስመር ላይ በአየር ተገልብጦ ያወጣበትን ግን አልረሳውም። የማንዩ ደጋፊዎች ሲያልቅ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። እኔ የማንን ሽንፈት እንደምመኝ ሳልወስን ዘጠና ደቂቃ አለቀ።

አደባባዩ ላይ ስወርድ አቡሽ አንገቱን አውጥቶ፣ «እሺ፣ አንተ ብትሆን የቱ ይሻልሃል? ዋንጫ በልተህ ከሊጉ ብትወርድ ወይስ ዕድሜ ልክህን ሁለተኛ ብትሆን?» አለኝ። ሃይገሩ መጣና ሮጥኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ተሳፈረ።

ዊጋን የሚባለውን የእንግሊዝ ክለብ ታስታውሳላችሁ። ግንቦት 3 ቀን 2005፣ ቅዳሜ ማታ፣ የኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ፣ ያኔ ገና ፒያሳ ነን፤ ዶሮ ማነቂያ፣ ያቺ በቆርቆሮ የታጠረች ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ። ማንቸስተር ሲቲ የዓምናው ሻምፒዮን፣ ዊጋን ወራጅ ቀጠና ውስጥ የሚንጠራወዝ። ዛባሌታ በቀይ ወጣ፣ ሰዓቱ ባከነ፣ ተቀይሮ የገባው ቤን ዋትሰን የማዕዘን ምቷን በግንባሩ ገጨ። 1 ለ 0! ቤቱ ውስጥ አንድም የዊጋን ደጋፊ የለም፣ ግን ያልዘለለ አልነበረም። የክለቡ ባለቤት ሽማግሌው ዴቭ ዊላን በእኛ በ1952 በዚያው ዌምብሌይ፣ የዚያው ዋንጫ ፍፃሜ ላይ ለብላክበርን ሲጫወት እግሩ የተሰበረ ሰው ነው። 53 ዓመት ቆይቶ ዋንጫው በክለቡ በኩል መጣለት። ከዚህ የበለጠ ተረት ከየት ይመጣል?

በሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ለሊጉ ጨዋታ እኛ ሜዳ፣ ኤምሬትስ መጡ። 4 ለ 1። ወረዱ።

ያወረድናቸው እኛ ነን እኮ። ቅዳሜ ወንበር ላይ ቆሜ የጨፈርኩላቸው ሰውዬ፣ ማክሰኞ ፖዶልስኪ ሁለተኛዋን ሲያገባ ያንን ቆርቆሮ በቡጢ ስደበድብ ነበር። አራተኛ ለመውጣት። ለአራተኝነት!

በርሚንግሃም ደግሞ አለ። የካቲት 20 ቀን 2003፣ የሊግ ካፕ ፍፃሜ ላይ፣ በረኛችን ሼዝኒና ተከላካያችን ኮሸልኒ አንተ ያዛት አንተ ያዛት ሲባባሉ ኳሷ አምልጣ፣ ማርቲንስ ባዶ ጎል አግኝቶ ዋንጫችንን ይዞ ሄደ። እነሱም ያን ዓመት ወረዱ። የወረዱበትን ቀን አሁን ሳሰላው ግንቦት 14 ነው፤ ዛሬ ድፍን አስራ አራት ዓመቱ። እስካሁን ላይኛው ሊግ አልተመለሱም፤ ዓምና እንዲያውም ሦስተኛው ሊግ ድረስ ዘቅጠው ዘንድሮ ነው አንድ ደረጃ ቀና ያሉት። ዊጋንም እዚያው ታች ሲወርድ ሲወጣ ነው የኖረው።

ሃይገሩ ውስጥ በስልኬ ነጥብ ስቆጥር አንድ ነገር ታየኝ። ዊጋን የወረደው በ36 ነጥብ ነው። በርሚንግሃም በ39። ስፐርስ ትናንት ዋንጫውን ሲያነሳ በእጁ ያለው 38 ነው፤ ሃያ አንድ ጊዜ ተሸንፎ። ያልወረደው ከታች ያሉት ሦስቱ፣ ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተን፣ ከእሱ ብሰው ስለተገኙ ብቻ ነው። ሦስቱም ዓምና ያደጉ ናቸው፤ ሳይላመዱ ተመለሱ። አቡሽ ዛሬ ክላክስ የሚያጮኸው የሰው ድክመት አትርፎት ነው። ነገ እነግረዋለሁ። ደግሞ ለምን እነግረዋለሁ? ይጩህ።

የሚገርመኝ ጥያቄው ራሱ ነው። የትም ዲኤስቲቪ ቤት ብትገቡ ይሄ ክርክር አለ፤ ዋንጫ ወይስ መቆየት። ደጋፊ የተባለ ሁሉ እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ ይመዝናል። ዊጋንን ማን ጠየቀው? ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው መልበሻ ክፍል ገብቶ «ወይ ይሄ ወይ ያ፣ ፈርሙ» አላቸው?

እማዬንስ ማን ጠየቃት?

እዚህ ላይ ስደርስ ነው እስክሪብቶውን አስቀምጬ ሻይ ላፈላ የተነሳሁት። እሷ ሳሎን ምስር ትለቅማለች።

እማዬ 1997 ላይ ለኮንዶሚኒየም ቤት ዕጣ ተመዘገበች። አስር ዓመት ግድም ጠበቀች። ስሟ ጋዜጣ ላይ የወጣ ቀን የጎረቤታችን የእትዬ ሙሉ ልጅ ጋዜጣውን እያውለበለበ ሲሮጥ፣ እማዬ ነጠላዋን ጥላ በባዶ እግሯ ወጣች። እልልታው ጊዮርጊስ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» እያለ ግንባሯን ሳመ። ያ ዋንጫ ካልሆነ ዋንጫ ምንድን ነው? ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቱሉ ዲምቱ።

ከዚያ ወረድን።

ፒያሳን አሁን ወርቅ አላደርጋትም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱ የሰባት አባወራ ነበር፣ ግድግዳው ጭቃ ነበር። ግን ሊጉ እዚያ ነው የሚካሄደው። እማዬ ቅዳሴውን ከአልጋዋ ሆና ትሰማ ነበር። እዚህ ከመስኮታችን የሚታየው የአዳማው ፈጣን መንገድ ነው፤ ሰው ከፍሎ ከተማችንን ጥሎ የሚበርበት። የመጀመሪያው ክረምት ላይ በረንዳው ላይ ቆማ፣ «እነዚህ ሁሉ የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ። አዳማ ስላት፣ «እኛም እኮ ደርሰናል፤ ትንሽ ነው የቀረን» አለች።

እትዬ ሙሉ አልደረሳትም ነበር። ዕቃችንን ስንጭን፣ «እኔ ከፒያሳ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው» ብላ ፎከረች። በሆዴ ቀናሁባት። ሁለተኛ ሁና የቀረችው እሷ ናት፤ ዋንጫ የላትም፣ ግን ሊጉ ውስጥ ናት። ዓምና በመጋቢት ግን ሰፈሩ እንዳለ ለኮሪደር ልማት ተነሳ። እትዬ ሙሉ ምትክ ቤት ተሰጥቷት አሁን ከእኛ ሁለት ፌርማታ ወዲያ ናት። የመጣች ዕለት እማዬ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አንዷ አለቀሰች፤ የትኛዋ እንደሆነች ከኋላ ሆኜ አልለየሁም።

ያኔ ትልቁ ጭንቀት የእድሩ ዕቃ ነበር። አባሉ ግማሹ አራብሳ፣ ግማሹ አቃቂ ተበትኖ ሰታቴው የት ይቀመጥ? እማዬ ከሄድንም በኋላ መዋጮዋን አንድ ወር አላጓደለችም፤ ደብተሯን በጡቷ ይዛ በሁለት ታክሲ ፒያሳ ትመላለስ ነበር። «ብሞት ማን ይቀብረኛል፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ?» ትላለች። እናም ሰታቴው የእኛ ዕጣ ሆነ። ከነጥቀርሻው፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ሁለት በግ የሚያበስል። እኔና አቡሽ ተሸክመን አራት ፎቅ ወጣን። የመጨረሻው ደረጃ ላይ አቡሽ ብቻውን ነጥቆኝ፣ በሁለት ጆሮው ይዞ፣ ከራሱ በላይ አንስቶ እንደ አምበል ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፈተ። ጥቀርሻው ፊቱ ላይ ተራገፈበት። እማዬ፣ «አንተ ርጉም፣ የሬሳ ዕቃ ነው! ወደ ላይ አይነሳም!» አለችው።

ለካ ልጁ ትናንት አይደለም የጀመረው።

ሻዩን ይዤ ሳሎን ስገባ ጠየቅኳት። «እማ፣ ዕጣው ባይደርስሽ ይሻልሽ ነበር?»

«የምን ዕጣ?»

«ቤቱ ነዋ።»

ጠጠር አገኘች፤ በጥፍሯ አንስታ ትሪው ጠርዝ ላይ አደረገችው። ቆየች። «ደረጃውን ሳልቆጥር ነው?» አለች። እሺ፣ ሳትቆጥሪ። እንደገና ቆየች። «ታዲያ ያን ቀን እልል ያልኩትን አሁን ልመልሰው?» አለችና ትሪውን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ይሄን ለአቡሽ መልስ ብዬ ልውሰድለት አሰብኩ። ከዚያ ግን መልስ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ወይ ደግሞ የእሷ መልስ ነው፣ የእኔ አይደለም። እኔ እኮ እልል ያልኩበትን ቀን ፈልጌ ነበር አሁን። ተመርቄያለሁ፣ ግን ያን ቀን ጫማው ጠቦኝ ስለነበር የማስታውሰው እግሬን ነው። መሥሪያ ቤት አስር ዓመት ሆነኝ፣ ያሉበት ቦታ መቆየት በሚባለው ነገር ማንም አይስተካከለኝም። ሁልጊዜ ሻምፒዮንስ ሊግ እገባለሁ፤ ሁልጊዜ ግማሽ ፍፃሜ ላይ እቀራለሁ። ያቺን የወደድኳትን ልጅም ጨምሮ።

አሁን ስድስት ሰዓት አለፈ። ጠዋት ለምን እንደከፋኝ ልደርስበት ነበር የተነሳሁት፤ ስለ በርሚንግሃም ነጥብ ስቆጥር አመለጠኝ።

ቧንቧው ተንጎራጎረ። ዛሬ የእኛ ተራ ሌሊት ነው ተብሏል። ጀሪካኖቹ ሦስት ናቸው፣ አይበቁም። ሰታቴውን ከበረንዳው ጎትቼ አስገባሁት፤ የእድር ዕቃ ውሃ አይቀዳበትም የምትለው ሴትዮ ተኝታለች። በሁለት ጆሮው ይዤ ከፍ ላደርገው ሞከርኩ፣ ማንም አያየኝም ብዬ። ጉልበቴ ላይ ቀረ። አውርጄ ቧንቧው ስር ደቀንኩት።

እስካሁን አየር ብቻ ነው።