ከኡቡንቱና ከዴቢያን የተወለዱ ዲስትሮዎች፦ የትኛው የራሱ ጽሑፍ ይኑረው? እስካሁን የደረስንበት

አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አካባቢ እየተሰባሰብን የአማርኛ ዊኪፔዲያን የሊኑክስ ዘርፍ ለማሟላት የያዝነው ሥራ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ዴቢያን፣ ስላክዌር፣ ፌዶራና አርች የተባሉት እናት ዲስትሮዎች (ዲስትሮ ማለት በሊኑክስ ላይ ተሠርቶ የሚለቀቅ የተሟላ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው) አላከራከሩንም። ጣጣው ያለው ልጆቻቸው ጋ ነው። ኡቡንቱን መሠረት አድርጎ፣ ዎልፔፐርና አይከን ለውጦ፣ አዲስ ስም ሰጥቶ መልቀቅ የሁለት ቀን ሥራ ስለሆነ ዝርዝሩ ማብቂያ የለውም። ሁሉንም እንጻፍ ብንል ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም የማያድሳቸው ባለ ሦስት መስመር ገጾች ይዘን እንቀራለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መመዘኛችን አንድ ነው፦ ከአዘጋጆቹ ጋር የጥቅም ትስስር የሌላቸው፣ ለሚያወጡት ኃላፊነት የሚወስዱ ጸሐፊዎች ስለዚያ ዲስትሮ በቂ ጽፈዋል ወይ? ፈጣን መሆኑ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መሥራቱ ወይም በብዙ ሰው እጅ መኖሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። «ስድስት ኪሎ ግቢ ተማሪው ሁሉ ካሊ ነው የሚጭነው» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ካሊ፣ የኮምፒውተር ደኅንነት መፈተሻው ዲስትሮ፣ ጽሑፍ ይገባዋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ቀድሞ የነበረውን ባክትራክን ተክቶ በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ በመጋቢት 2013 ሲወጣም ሆነ ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ባለሙያዎች መጻሕፍትና ጋዜጦች ራሱን ችሎ ዘግበውታል። ተማሪው የጫነውን ቆጥሮ ምንጭ ማድረግ አይቻልም።

ምንጭ ማጣራቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ የአዘጋጆቹን ድረ ገጽ፣ የፎረማቸውን ገጽና የማውረጃ ገጾችን ከቁጥር አውጡ። ቀጥሎ በተለያዩ ድረ ገጾች ካገኛችኋቸው ዜናዎች ውስጥ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ቀድታችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። ያው ዓረፍተ ነገር አራት ቦታ ከወጣ አራቱም የአንድ መግለጫ ቅጂ ናቸው፤ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ ያውም የአዘጋጆቹ ቃል ሆነው። «ምርጥ 10 ዲስትሮዎች» የሚሉ ዝርዝሮች አንድ አንቀጽና አንድ ማውረጃ ብቻ ከሰጡ አይበቁም። ከእነዚህ ሁሉ የሚያታልለው ደግሞ ከዊኪፔዲያ የተገለበጠ ጽሑፍ ነው። የድሮው የእንግሊዝኛ ገጽ ሳይሰረዝ በፊት ተቀድቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥና ዛሬ ገለልተኛ ምንጭ መስሎ ይመጣል። የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ የሁለቱንም ገጾች የድሮ ቅጂ የድሮ ድረ ገጾችን በሚያስቀምጠው በዌይባክ ማሽን ከፍታችሁ ቀናቸውን አስተያዩ።

ዲስትሮዎች የሚመዘገቡበትን የዲስትሮዋች ድረ ገጽ ሰንጠረዥ በተመለከተ ብዙ ጊዜ ስለምንጠየቅ ለይተን እንናገር፦ ዲስትሮዋች ላይ ስሙ መስፈሩ ዲስትሮው መኖሩን ከማሳየት አያልፍም። እዚያ ያለው ደረጃ የዚያኑ ድረ ገጽ ጎብኚዎች የትኛውን ገጽ እንደከፈቱ እንጂ ስንት ሰው እንደጫነ አይቆጥርም። ጸሐፊው ስሙን ያኖረበት ረጅም ግምገማ እዚያ ካለ ግን እንደ አንድ ምንጭ እንይዘዋለን። ኤልደብሊውኤን፣ አርስ ቴክኒካና ዘ ሬጅስተር በተባሉት የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጾች ላይ የወጡ ረጃጅም ዘገባዎች የበለጠ ክብደት አላቸው። ምንጩ አማርኛ መሆን የለበትም፣ ኢንተርኔት ላይም መገኘት አይጠበቅበትም፤ የታተመ ከሆነ የጋዜጣው ቀንና ገጽ በትክክል ይጻፍ።

የሰሜን ኮሪያው ሬድ ስታር ለዚህ መመዘኛ ጥሩ ፈተና ነው። ከአገሩ ውጭ የሚጠቀምበት የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁለት ጀርመናዊ ተመራማሪዎች በታኅሣሥ 2015 በኬኦስ ኮሙኒኬሽን ኮንግረስ የደኅንነት ጉባኤ ላይ ፈትተው አሳይተውታል፤ በፌዶራ ላይ መመሥረቱን፣ በፍላሽ የገባ ፋይል ላይ ኮምፒውተሩን የሚያሳውቅ ስውር ምልክት እንደሚያትም ጭምር። ይህ ሁሉ በገለልተኛ ጋዜጦች በሰፊው ተዘግቧል፤ ስለዚህ ያልፋል። ዴቩዋንም እንዲሁ ነው። ከዴቢያን የሚለየው በዋናነት ሲስተምዲን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረውን ፕሮግራም) ባለመጠቀሙ ቢሆንም በ2014 መገንጠሉ ራሱ የተጻፈበት ክርክር ነበር። ሮኪና አልማም የሚያልፉት ሬድ ሃት በታኅሣሥ 2020 ሴንትኦኤስ 8ን በ2021 መጨረሻ እንደሚያቆም ካስታወቀ በኋላ እሱን የተኩበት ሂደት በደንብ ስለተዘገበ ነው።

ምንጩ አፋፍ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ሁለት መካከለኛ ግምገማ ብቻ ሲገኝ፣ ከእናትየው የተለየ ምን እንዳለው በቴክኒክ እናያለን። ይህ ፈተና ብቻውን ጽሑፍ አያሰጥም፤ የራሱ ገጽ ወይስ በእናቱ ገጽ ውስጥ አንድ ክፍል የሚለውን ለመወሰን ግን ይረዳል። ለኡቡንቱ ከ5 ጊጋባይት በላይ የሆነውን አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይሉን) በሞባይል ዳታ ማውረድ አያስፈልግም። በማውረጃው ገጽ ላይ ከአይኤስኦው አጠገብ «ማኒፌስት» የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ በውስጡ የፓኬጆቹ፣ ማለትም አብረው የሚጫኑት ፕሮግራሞች፣ ስምና የሥሪት ቁጥር ተዘርዝሯል። ለልጅየው ደግሞ ፍላሽ ላይ የጫነ ሰው ፈልጋችሁ በላይቭ (ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭኑ ከፍላሹ) አስነሱና በተርሚናል «ዲፒኬጂ-ኩዌሪ»ን ከትልቁ «ደብሊው» ጋር (dpkg-query -W) አስጽፉ፤ ተመሳሳይ ዝርዝር ይወጣል። ከተጫነ ኮምፒውተር አትውሰዱ፤ ባለቤቱ በኋላ የጨመረው ሁሉ ይቀላቀልባችኋል።

ሁለቱን ፋይሎች እንዳሉ ብታወዳድሩ ሁሉም መስመር የተለያየ ይመስላል፤ የሥሪት ቁጥር ልዩነት ነው። በተርሚናል ትእዛዞች፣ በ«ከት» (cut) የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ አስቀሩ፣ በ«ሶርት» (sort) አሰልፉ፣ ከዚያ በ«ኮም» (comm) አወዳድሩ። የእናትየው ሥሪትም ይግጠም፦ ከኡቡንቱ የተወለደው ሚንት 21 ከኡቡንቱ 22.04፣ ሚንት 22 ከ24.04 ጋር ነው የሚተያየው። አለበለዚያ በስማቸው ላይ ቁጥር ያላቸው ላይብረሪዎች ሁሉ ልዩነት ሆነው ይወጣሉ። የተረፉትን ስሞች አንድ በአንድ በ«አፕት ፖሊሲ» (apt policy) ጠይቁ፤ ከየትኛው ሪፖ (የፓኬጆች ማከማቻ) እንደመጡ ይነግራችኋል። በሚንት ሲነመን (ዴስክቶፑ)፣ ኒሞ (ፋይል ማስተዳደሪያው)፣ ሚንትአፕዴት (ማደሻው) እና መሰሎቻቸው ከራሱ ሪፖ ይመጣሉ፤ በራሱ ሰዎች የተጻፉ ናቸው። ስም ብቻ በተቀየረበት ዲስትሮ ግን ልዩነቱ አንድ ቴም፣ ጥቂት ዎልፔፐርና ከዚያው ከኡቡንቱ ሪፖ ቀድሞ የተጫነ የቪዲዮ ማጫወቻ ቪኤልሲ ሆኖ ይገኛል። የዲስትሮው ስምና ሥሪት የሚጻፍበትን የኦኤስ-ሪሊዝ ፋይል ብቻ አይቶ መፍረድ አደጋ አለው። «አይዲ-ላይክ» የሚለው መስመር እናትየውን ይጠቁማል፤ ሚንት ላይ «ኡቡንቱ ዴቢያን» ይላል። አንዳንዱ ግን ፋይሉን ሳይነካው ይተወውና ራሱን ኡቡንቱ ብሎ ይጠራል።

ኩቡንቱና ዙቡንቱን የመሳሰሉት የኡቡንቱ ይፋ ቅርንጫፎች ሪፖአቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በዴስክቶፑ ነው። በኡቡንቱ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጠናቸዋል፤ ኩቡንቱ በምንጭ ብዛት ወደ ራሱ ገጽ ሊወጣ የሚችል የመጀመሪያው ነው። ስፒን የሚባሉት፣ በዴስክቶፕ የሚለያዩ የፌዶራ ቅርንጫፎችም በዚያው መንገድ ሄደዋል።

ያላለፈው ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። ስሙን ጽፎ የፈለገ ሰው ወደ እናትየው ገጽ የሚወስደው መምሪያ መንገድ እንሠራለን፤ በዚያ ገጽ ላይም ከምን እንደተወለደና መቼ እንደወጣ አንድ መስመር ከምንጭ ጋር ይገባል። መስመሩ ከሌለ መምሪያ መንገዱን አትሥሩ፤ አንባቢው የፈለገውን ስም ሳያገኝ ይመለሳል። ዴቢያንና ደቢያን እየተባለ የሚጻፈውን ዓይነት ሁሉ እንዲሁ አገናኙ። ቀን ስትጽፉ ስምንት ዓመት ብቻ አትቀንሱ፤ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነው። የመጀመሪያው ኡቡንቱ፣ 4.10፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2004 ወጣ፤ በእኛ ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው።

የሞተ ዲስትሮም አንዴ ካለፈ አለፈ። ማንድሬክ በ1998 ተጀምሮ ማንድሪቫ ሆኖ ቀርቷል፤ ከእሱ የተገነጠለው ማጂያ ግን አለ። የማንድሬክ ገጽ ባይኖር የማጂያን መነሻ ማስረዳት አይቻልም።

ልባችንን የሚፈትነው አገር ውስጥ የተዘጋጀው ነው። በኡቡንቱ ላይ የግዕዝ ፎንትና ኪቦርድ ጨምሮ የሚለቀቅ ሥራ ሲመጣ እንዲገባ እንወዳለን። ግን ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 በ1999 ከገባ ወዲህ አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በእናት ዲስትሮዎቹ ሪፖ ውስጥ አሉ፤ በላቲን ፊደል ግዕዝ የሚጻፍበት የሴራ ኪቦርድም በአይባስ፣ በሊኑክስ የኪቦርድ መቀየሪያ ፕሮግራም፣ በኩል ይገኛል። እነሱን ቀድሞ መጫን ለተጠቃሚው ትልቅ እርዳታ ነው፤ የተለየ ጽሑፍ ለመጻፍ ግን ጋዜጣ ወይም የጥናት መጽሔት ስለ ሥራው በዝርዝር ማውጣት አለበት። እስከዚያው «አማርኛ በኮምፒውተር» በሚለው ጽሑፍ ውስጥ ቦታ አዘጋጅተናል። አዘጋጆቹ ራሳቸው እንዳይጽፉት፣ ያላቸውን የጋዜጣ ቅጂ በውይይት ገጹ ላይ እንዲያኖሩልን እንጠይቃለን።

አሁን የአርች ቤተሰብ ላይ ነን። እዚህ ማኒፌስት ማወዳደር አይሠራም፤ ፓኬጁ በየቀኑ ስለሚታደስ የዛሬው ዝርዝር ነገ ሌላ ነው። የምናየው የአርች ፓኬጅ መጫኛ «ፓክማን» የሚያነበውን፣ ሪፖዎቹ የሚዘረዘሩበትን የኮንፊግ ፋይል ነው። ማንጃሮ የራሱን ሪፖ ይዞ የአርችን ፓኬጅ ፈትኖ ቆይቶ ነው የሚለቀው፤ ምንጭም አለው፣ አልፏል። ኤንደቨርኦኤስ የአርችን ሪፖ እንዳለ ተጠቅሞ የራሱን አንድ ትንሽ ሪፖ ይጨምራል። ከእሱ በፊት የነበረው አንተርጎስ በግንቦት 2019 ቆሟል፤ ኤንደቨር በዚያው ዓመት ተነስቷል። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ለማስኬድ ያለን ምንጭ ይበቃል፤ ኤንደቨርን ለብቻው ለማውጣት ከጅማሬው ዜና በኋላ የተጻፉ፣ ጸሐፊያቸው የታወቀ ሁለት ረጃጅም ግምገማዎች እየፈለግን ነው። ያገኘ ሰው የውይይት ገጹ ላይ ይጻፍልን።