ከጉብሬ ወዲያ፣ ወደ አጣጥ

በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ የሚያደርሰውን መንገድ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ጉዞው የጣመኝ ከጉብሬ በኋላ ነው። ግራ ቀኙ እንሰት፣ በጎጆዎቹ ፊት ደግሞ ጀፎረ፣ ሣሩ የተጋጠ ሰፊ የመንደር ጎዳና። ሠርጉም ለቅሶውም የሚወጣው በጀፎረው ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ የሚያወጧትም በዚያው ነው።

አጣጥ ሆስፒታል ከወልቂጤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የካቶሊክ እህቶች ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በግቢው የእናቶች ማቆያ ጀመሩ። በአገራችን ቀዳሚው ነው። ከዚህ ቀደም በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ፌስቱላዋ የተጠገነላት፣ ወይም ቤቷ የራቀ ሴት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ታርፋለች። ቆጮና ጎመኑን አስታማሚዋ ይዛ ትመጣለች፤ ምጡ ሲመጣ ሐኪሙ ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱ ከ24 ሺህ በላይ እናቶች መዝገብ ተጠንቷል። ማቆያው ውስጥ አርፈው ከወለዱት መካከል የሞቱት፣ በሕይወት በተወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት ሲሰላ፣ 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን በዚሁ ስሌት 1,333 ነበሩ። እርግጥ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚደርሱ ናቸው፤ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ቁጥሩ አስደነገጠኝ።

እኔ የመጣሁት ግን የልምድ አዋላጅ ፍለጋ ነበር። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንዲት እማማ ቤት ወሰደችኝ። እማማ የሚያወሩት በጉራጊኛ ነው፤ ሠራተኛዋ ታስተረጉማለች፤ ሲናደዱ ግን ራሳቸው ወደ አማርኛ ይገባሉ።

የሠለጠኑት በደርግ ጊዜ ነው። ትምህርቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል፦ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ክሩንና ምላጩን ቀቅይ፣ እትብቱን ሁለት ቦታ አስረሽ መሀሉን ቁረጪ፣ እንገሩን አትድፊ። ከንቱ ትምህርት አልነበረም። በቆሸሸ ምላጭ የሚመጣውን መንጋጋ ቆልፍ የሚከላከለው ይኸው ንጽሕና ነው።

«ደም ሲፈስስ ምን ያድርጉ ተባሉ?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ማርያም ማርያም እያልኩ ሆዷን አሻለሁ። ሌላ ምን አለኝ ልጄ?»

ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሳሙናና ምላጭ ያንን አያቆሙም፤ መድኃኒት፣ የሚለገስ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ያስፈልጋል። ለዚህም ነው ዓለም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የልምድ አዋላጆችን ከማሠልጠን ወደ ሠለጠነ ባለሙያ ፊቱን ያዞረው። እኛም በ1995 ዓ.ም. ጤና ኤክስቴንሽንን ጀመርን፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ እማማን የመሰሉትም «ከእንግዲህ አታዋልዱ» ተባሉ።

ውሳኔው ልክ ነው እላለሁ። አነጋገሩ ግን ያንገበግባል። አርባ ዓመት በሌሊት የተጠራችን ሴት በአንድ ስብሰባ ማሰናበት ምን የሚሉት ነው? ደግሞም መንደሩ ገና የሚያምነው እሳቸውን ነው። የማን ሆድ እንደገፋ፣ የማን ባል እንደሚያስቸግር፣ ማን ባለፈው ምጥ ላይ እንደተሰቃየች ከማንም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ኤክስቴንሽኗ ይህን አልሳተችውም፦ «እማማ ካልነገሩኝ ግማሾቹን አላገኛቸውም፤ እናቶቹም እሳቸው ካልተከተሉ አልሄድም ይላሉ» አለችኝ። እማማ አሁን ሥራቸው እሱ ነው፤ እርጉዟን ማሳመን፣ ማቆያው ድረስ ማድረስ፣ ስታምጥ ወገቧን መደገፍ።

«የባጃጁን ማን ይከፍላል?» አልኩ።

«ካለው ባልየው። ከሌለው እኔ።»

ኤክስቴንሽኗ ወደ መሬት አየች፤ በጀት ውስጥ እንዲህ ያለ መደብ የለም።