ከዮርክሸር ማሳ የወጣው ሜዳልያ

መጀመሪያ ያየሁት ፊደል ኤ ነው። ቀጥሎ ቢ። ከኮዳዬ ትንሽ ውኃ አፈሰስኩበት። ጭቃው ሲለቅ ዋይ መጣ። ከዚያ ሁለት ኤስ። የቀረውን ማንበብ አላስፈለገኝም። ጉልበቴ ከዳኝና እዚያው ገለባው ላይ ቁጭ አልኩ።

አቢሲኒያ ይላል።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ጡረታ ሲወጣ አሮጌ የብረት መፈለጊያ ማሽኑን ሰጠኝ። «አንተ ዝምታ ትወዳለህ፤ ይሄ ይስማማሃል» አለኝ። ልክ ነበር። ሌሊት የሠራ ሰው ቀን ሰው መሀል መዋል ይከብደዋል። ማሳ ላይ ግን ጆሮህ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ አለ፣ ፊትህ አፈር አለ፣ በቃ። የታረሰ አፈር ሽታ ደግሞ የትም አገር አንድ ነው። እናቴ የተወለደችው ደላንታ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አያቴ ጋ እሄድ ነበር። እዚህ ማሳ ላይ ስሆን ያ ሽታ ይመጣብኛል።

ነገሩ ዝም ብሎ መቆፈር አይደለም። መጀመሪያ ባለመሬቱን ታስፈቅዳለህ። እኔና ገበሬው ወረቀት ተፈራርመናል፤ ዋጋ ያለው ነገር ከተገኘ እኩል እንካፈላለን። ማሽኑ ብረት ሲያገኝ ወፍራም ድምፅ ያሰማል። ብር ሲያገኝ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። አብዛኛውን ቀን የምታገኘው ሚስማር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የትራክተር ብሎን ነው። ያን ቅዳሜ፣ ስንዴው ታጭዶ ገለባው ብቻ በቀረበት ወቅት፣ አጥሩ አጠገብ ማሽኑ ቀጭኑን ድምፅ አሰማ። አንድ ስንዝር ያህል ቆፈርኩ። ብሩ ጥቁር ሆኖ፣ ከሥር ጋር ተጣብቆ ወጣ።

በጣት ማሸት አይገባም፤ አሸዋው ብሩን ይጭረዋል። ውኃ ብቻ ነው የሚፈስበት። ከአንድ ብር ሳንቲማችን ትንሽ ሰፋ ይላል። ከላዩ ትንሽዬ ዘውድ አለችው፤ ማንጠልጠያዋ ተሰብሯል። ፊቱ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ሻሽ እንደለበሰች ተቀርጻለች። ዙሪያዋን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። በጫፎቹ መካከል አንዳንድ ፊደል አለ፤ ዘጠኙ ፊደል ሲገጣጠም የአገራችን የድሮ ስም ይሆናል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የሎረል ቅጠል ጉንጉን፣ መሀሉ ላይ ከፍ ብሎ የወጣ የሰው ስም። ከስሙ ሥር 33ኛ ሬጅመንት ይላል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የቤተሰቡ ነው።

ለመቅደላ ዘማቾች የተሰጠው ሜዳልያ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰበረ። አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጡም፤ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ቀድመው በበሩ የገቡት የ33ኛው ሬጅመንት ወታደሮች እንደሆኑ ግን እኔ ያወቅኩት ያን ቀን ማታ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንበብ ያማል። ከአምባው የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ጽዋ፣ ዘውድና ታቦት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ሜዳው ደላንታ ነው። የእናቴ ደላንታ።

ሌላም ነገር አለ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1879፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ እዚሁ ሊድስ ነው። ሄዲንግሊ በሚባለው ሰፈር። ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡሱ በዚያ ያልፋል። የተቀበረው ዊንድዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። መታሰቢያው ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፏል። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ። ያን ዜና ያነበብኩት ፈረቃ ላይ ሆኜ ነው። እስኪነጋ ድረስ ደረቴን አንድ ነገር ተጭኖኝ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሜዳልያ እጄ የገባው እንዲህ ያለ ሸክም ይዤ ነው።

ገበሬውን ላሳየው ሄድኩ። እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ዐይኑ አስጠጋው። «ይሄ ያንተ አገር አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። «በቃ ውሰደው። ድርሻዬን ትቼልሃለሁ» ብሎ መለሰልኝ።

ሕጉም አልያዘኝም። እዚህ አገር ከመሬት ስለሚወጣ ሀብት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ አለ። ከ300 ዓመት በላይ የሆነው የወርቅ ወይም የብር ዕቃ ከተገኘ በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከ200 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የተለየ ታሪክ ያላቸው ዕቃዎች ተጨመሩ። ማሽኑን የሰጠኝ ሰውዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህን ነው። ሁልጊዜ የሚነግረኝ የኤሪክ ሎውስን ታሪክ ነው። ሎውስ እ.ኤ.አ. በ1992 ሰፎክ ውስጥ፣ ሆክሰን በሚባል መንደር፣ የገበሬ ጓደኛው መዶሻ ጠፍቶበት ሊፈልግለት ወጣ። መዶሻ ሲፈልግ የሮማውያን ወርቅና ብር አገኘ። ሁሉን ዘርግፎ አልወሰደም። ቁፋሮውን አቁሞ አሳወቀ። 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለው፣ ከገበሬውም ጋር ተካፈለ። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ነው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

የኔ ሜዳልያ ግን ገና 150 ዓመት ቢያልፈው ነው። የሚያስገድደኝ የለም። ገበሬው ትቶልኛል። ልሸጠው ብል ሰብሳቢዎች በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይሰጡበታል። ላስቀምጠው ብልም ማንም አይጠይቀኝም።

እውነቱን ልናገር። ላስቀምጠው ነበር የፈለግኩት። በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ፣ መዝሙረ ዳዊቴ አጠገብ አኖርኩት። ከሥራ ስመለስ ጠዋት ጠዋት አወጣዋለሁ። «ከአገሬ ስንት ወስዳችኋል፤ ይህቺ አንዷ እንኳ እኔ ጋ ትሁን» እለዋለሁ። ማንን እንደማናግር ለራሴም ግልጽ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አወጣሁት። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ጋሼ የምንላቸው አባት እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም። «ይሄ የደም ዋጋ ነው ልጄ። እቤትህ አታሳድረው» አሉኝ። ከአጠገባቸው ያለች እህት ደግሞ አዲስ አበባ ሙዚየም ይግባ አለች። ሐሳቧ ልቤን ነካው። ከእንግሊዝ መሬት የወጣ፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ፈቃዱን ግን መጠየቅ ይቻል ነበር። አንዱ ወጣት «ሽጠውና ብሩን ለተቸገረ ላክ። እነሱ የኛን ደላንታ ላይ ሸጠውት የለ!» አለ። ንዴቱ ገባኝ። እኔም ውስጥ ያለ ንዴት ነው።

ልቤ ሁለት ሆኖ ሰነበተ።

ማታ ደሴ ለእናቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አለችኝ።

«የወታደሩን ስም ነው እማዬ።»

«ስሙ ካለበትማ ያንተ አይደለም።»

«እነሱስ የኛን መቼ መለሱ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አጎትህን አታውቀው» አለች በመጨረሻ። እውነት ነው፣ አላውቀውም። እኔ ሳልወለድ ናቅፋ ዘምቶ በዚያው የቀረ ወንድሟ ነው። «መርዶ እንኳ በወጉ አልነገሩንም። ወረቀት የለ፣ ልብስ የለ። አያትህ እስክትሞት በር በሩን ስታይ ኖረች። አንድ የኮቱን ቁልፍ ያገኘ ሰው ቢያመጣልን፣ የወጋው ጠላት ይሁን፣ እግሩን እስም ነበር።»

መልስ አጣሁ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም። አብሽር ልጄ፤ ወገኖቹን ፈልግና ስጣቸው» አለችኝ።

ያን ሌሊት ፈረቃ አልነበረኝም፤ እንቅልፍ ግን በዐይኔ ሳይዞር ነጋ። ሳስበው እናቴ የነገረችኝ ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ለዓመታት የጮህኩት ሌላ ነገር ነው፤ ግን ሁለቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ሲመለስ አልቅሼአለሁ። የሰው ጸጉር መሳቢያ ውስጥ ምን ያደርጋል ብያለሁ። የዓለማየሁ አፅም ይመለስ ብዬ ፊርማ ፈርሜአለሁ። አሁን ደግሞ የአንድ ሰው ስም በኔ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሟቹ በዳይ ይሁን ተራ ሎሌ፣ ስሙ የኔ አይደለም። የኔ ብዬ ከያዝኩት «አገኘነው፣ ገዛነው፣ የኛ ነው» ከሚሉት በምን እለያለሁ?

ፍለጋው እንደፈራሁት አልከበደም። የዘማቾቹ ሜዳልያ መዝገብ ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ ስሙን አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ደግሞ ያው ስም እዚያው መንደር የእርሻ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ተመዝግቧል። ሚስትና አራት ልጆች። ከዝርፊያው ምን ደርሶት እንደሆነ እንጃ፣ ሀብታም ግን አላደረገውም። የገበሬው ሚስት ስሙን ስነግራት ወዲያው «የቅድመ አያቷ ስም ነው!» አለች። የምታወራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ለብቻቸው ስለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበር።

ቅዳሜ ሻይ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በሥራዬ ምክንያት እንዲህ ያለ እጅ አውቃለሁ፤ ጽዋው ሳይሞላ ነው የሚቀዳው። እኔ ቀዳሁ። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

ቶሎ አልነኩትም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከዚያ አንስተው ጀርባውን ገለበጡት። ስሙን በጣታቸው ጫፍ ፊደል በፊደል ተከተሉት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ተነሥተው ከግድግዳው አንድ ፎቶ አወረዱ። ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ጺሙ የነጣ ሽማግሌ ነው። ወፍራም የገበሬ እጅ። ደረቱ ላይ ምንም የለም። ሜዳልያ እንደነበረው ቤተሰቡ ያውቃል፤ መቼና የት እንደጠፋ ግን የነገራቸው ሰው የለም።

«እነዚህ ፊደሎች ምን ይላሉ?» አሉኝ ኮከቡን እያሳዩ።

«አገሬን» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሁሉን ነገርኳቸው። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ስለማጣታቸው። ስለታሰሩት አውሮፓውያን። ከህንድ በመርከብ ስለመጣው ጦርና ስለ ዝሆኖቹ። በስቅለት ዕለት እሮጌ ሜዳ ላይ ስላለቁት ሰዎች። ስለ ታቦቶቹ። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። አላቋረጡኝም።

«ልጁን ምን አደረጉት?» አሉኝ።

«ሊድስ ሞተ። ሄዲንግሊ።»

«ሄዲንግሊ...» አሉ። «ሃያ ዓመት የሠራሁት እዚያ ነው። ማንም ነግሮኝ አያውቅም።»

ብዙ ዝም ብለን ተቀመጥን። ገንዘብ ሊሰጡኝ ቦርሳቸውን ፈለጉ፤ አልቀበልም አልኩ። «እንግዲያው አንድ ነገር አድርግልኝ» ብለው ወረቀትና እስክሪብቶ አመጡ። ሜዳልያውን ለልጅ ልጃቸው ሊያወርሱት ነው። ከሜዳልያው ሥር የቦታው ስም፣ በባለቤቶቹ ፊደል፣ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ።

ጻፍኩላቸው። መቅደላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860። ከሥሩ ደግሞ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ።

ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው የአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አደረጉት፤ ሜዳልያውን ከላዩ። ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት እንዴት እንደሚባል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «መግደላ» አሉ። «ቅ» አልኳቸው፣ ከጉሮሮ። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው እንደገና ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ ወጣላቸው።