ኮንሶሉን ከቴሌቪዥኑ ሥር አውጥቼ በስትሪሚንግ ቦክስ እንዴት እንደተካሁት

ቴሌቪዥኑ ሥር አሁን ያለው ከመዳፍ የማይበልጥ የስትሪሚንግ ቦክስ ብቻ ነው። ፊልምም ጨዋታም በእሱ በኩል ይመጣል። ጨዋታውን ግን ቦክሱ አያስኬደውም። ፕሌይስቴሽን 5 እና ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ሌላ ክፍል ሆነው ያስኬዱታል፤ ቦክሱ የተጨመቀውን ምስል እየፈታ ያሳያል፣ የኮንትሮለሩን ትእዛዝ ደግሞ መልሶ ይልካል። ነገሩ በደንብ ይሠራል። ጥራቱን የሚወስኑት ግን ኔትወርኩ፣ ቴሌቪዥኑና የቦክሱ ዲኮደር (የተጨመቀውን ምስል የሚፈታው ክፍል) ናቸው እንጂ የቦክሱ ጉልበት አይደለም። «ቦክስ ኮንሶልን ይተካል ወይስ አይተካም» ተብሎ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ጨዋታው የት ነው የሚሰላው የሚለው ነው፦ ቦክሱ ላይ፣ ሩቅ ያለ ዳታ ሴንተር ውስጥ፣ ወይስ እዚያው ቤት ባለ ማሽን?

ቦክሱ ላይ የሚለውን ቶሎ ተውኩት። ኡያ የምትባለው አንድሮይድ ኮንሶል በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወጥታ በ2019 አገልግሎቷ ተዘግቷል። ከዚያ በላይ የሚያስተምረው ግን የኤንቪዲያ ሺልድ ቲቪ ነው። ሺልድ በ2015 ሲወጣ ቴግራ ኤክስ1 ቺፕ ነበረው፤ በ2017 የወጣው ኔንቲዶ ስዊችም የተሠራው በዚሁ ቺፕ ላይ ነው። ስዊች ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ሺልድ ደግሞ ጎበዝ የፊልም ቦክስ ሆኖ ቀረ። ቺፑ አንድ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር ነው፦ ለዚያ ማሽን ተብለው የተሠሩ ጨዋታዎች መኖራቸው። ቦክስ ሠሪዎች ቺፑን በየጊዜው ቢያፈጥኑም ይህን ክፍተት አይሞሉትም።

ዳታ ሴንተሩ ላይ ሁለት ችግር አለ። አንዱ ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ፣ 3,000 ቢርቅ ቢያንስ 30 ሚሊሰከንድ ነው። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይዘረጋና በየመሀሉ ራውተሮች ስላሉ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ይህን መዘግየት የትኛውም አዲስ ቺፕ አያስቀረውም። ዳታውም ቀላል አይደለም፦ የኤንቪዲያ የክላውድ (የዳታ ሴንተር) ጨዋታ አገልግሎት የሆነው ጂፎርስ ናው ለ1080ፒ ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል)፣ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፤ ያ ሙሉ በሙሉ ከተበላ በሰዓት 11 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሁለተኛው ችግር የባለቤትነት ነው። የጉግል የክላውድ ጨዋታ አገልግሎት ስታዲያ በኖቬምበር 2019 ተጀምሮ ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ተዘጋ። ለተገዙት ጨዋታዎች ገንዘብ ተመልሷል፤ ወደ ሌላ ማሽን የማይሻገር ሴቭ (ጨዋታው የደረሰበት ደረጃ መዝገብ) ግን በገንዘብ አይመለስም። ለዚህ ነው ክላውድን ጨዋታ ለመሞከሪያ እንጂ ለማከማቻ የማልመርጠው።

ስለዚህ የቀረው ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ነው፤ ሥራውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከማንኛውም ነገር በፊት ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ አደረግሁት። ብዙ ቴሌቪዥኖች በፊልም ሞድ ላይ ሲሆኑ ምስሉን ሲያሳምሩ 50 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ያዘገያሉ፤ በጌም ሞድ ግን የደህና ቴሌቪዥን መዘግየት ከ10 እስከ 20 ውስጥ ይገባል። ኮንሶል ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ራሱ ጌም ሞድን ሊያበራ ይችላል፤ ቦክስ ሲሰካ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያበራም፣ ምክንያቱም ቦክሱ ጌም መጣ የሚል ምልክት አይልክም። በእጅ ማብራት ያስፈልጋል። «ስትሪሚንግ ይዘገያል» ከሚለው ቅሬታ ትልቁ ድርሻ እዚህች ሴቲንግ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ መለካት ነው። ስልኬን በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጸው ስሎው ሞሽን ላይ አድርጌ፣ የኮንትሮለሩን ቁልፍና ስክሪኑን በአንድ ላይ ቀረጽኩ። ጣቱ ቁልፉን ከተጫነበት ፍሬም ጀምሮ ስክሪኑ ላይ እንቅስቃሴ እስከታየበት ድረስ ያሉትን ፍሬሞች መቁጠር ነው፤ አንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊሰከንድ ይወክላል። ያንኑ ጨዋታ በዚያው ቴሌቪዥን ላይ አንዴ ማሽኑን በኤችዲኤምአይ ቀጥታ ሰክቶ፣ አንዴ በቦክሱ በኩል መለካት ያስፈልጋል። የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው የስትሪሚንጉ ዋጋ፤ የቀረው የጨዋታውና የቴሌቪዥኑ የራሳቸው መዘግየት ነው። ልዩነቱ ከ10 ፍሬም በታች ከሆነ፣ ማለትም ከ42 ሚሊሰከንድ ካነሰ፣ ለእግር ኳስ፣ ለመኪና ውድድርና ለታሪክ ጨዋታዎች ይበቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መወሰን አይገባም፤ ቁልፉ የተጫነበት ቅጽበት ከስክሪኑ መታደስ ጋር ስለማይገጥም ውጤቱ ጥቂት ፍሬም ወደላይና ወደታች ይላል።

መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ማስተካከሉን ያቀልላል። በ60 ፍሬም አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ኮምፒውተሩ ምስሉን ቀድቶ ለመጭመቅ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ በኬብል ለማሻገር 1 ገደማ፣ ቦክሱ ደግሞ ለመፍታት የራሱን ይጨምራል። ትልቁ ልዩነት የሚታየው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሰንሻይን፣ ቦክሱ ላይ ሙንላይት የሚባሉትን ነጻ ፕሮግራሞች ጭኛለሁ። (ኤንቪዲያ የራሱን ጌምስትሪም በ2023 ካቆመ በኋላ ዋናው አማራጭ ይሄ ነው።) ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ነው፦ ሙንላይት አራት አሃዝ ፒን ያሳያል፣ ያንን ኮምፒውተሩ ላይ በብራውዘር በሚከፈተው የሰንሻይን ገጽ፣ ፖርት 47990 ላይ ማስገባት ነው። ከዚያ ሙንላይት ውስጥ የፐርፎርማንስ ስታትስቲክሱን ማብራት። እዚያ ላይ የዲኮዲንግ (የመፍቻ) ጊዜው 16 ሚሊሰከንድ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቦክሱ እየተሸነፈ ነው፤ ሪዞሉሽኑን ከ4ኬ ወደ 1080ፒ ማውረድ ወይም የምስል መጭመቂያውን ዘዴ ከኤችኢቪሲ ወደ ኤች.264 ቀይሮ መሞከር ነው። በኔትወርክ የጠፉ ፍሬሞች ቁጥር ከዜሮ ከፍ እያለ ከሄደ ግን ችግሩ ቦክሱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

መንገዱ ላይ የማያወላዳው ደንብ ጨዋታውን የሚያስኬደው ማሽን በኬብል ራውተሩ ላይ መሰካት አለበት የሚለው ነው። ማሽኑም ቦክሱም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዱ ፍሬም ያንኑ አየር ሁለቴ ይይዛል፤ ከማሽኑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቦክሱ። ቦክሱም በኬብል ቢሆን ይመረጣል፣ ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የብዙ ቦክሶች የኤተርኔት ፖርት 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) 80 ሜጋቢት ብናደርገው «ከ100 በታች ነው፣ ይበቃል» ያሰኛል፤ ምስሉ ግን ይንገጫገጫል። ምክንያቱም ቢትሬት አማካይ ነው። ትዕይንቱ በድንገት ሲቀየር፣ ለምሳሌ ፍንዳታ ሲኖር፣ አንዱ ፍሬም ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ኮምፒውተሩ ያንን በ1 ጊጋቢት ፍጥነት በአንዴ ያፈስሰዋል፣ ጠባቡ ፖርት ደግሞ በዚያ ፍጥነት አይቀበልም፣ በመሀል ኬብሎቹን የሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊች ጊዜያዊ ማከማቻ ሞልቶ ፓኬት ይጥላል። መፍትሔው ቢትሬቱን ወደ 40 ወይም 50 ማውረድ ነው። ለ1080ፒ ከ20 እስከ 30 በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚጨመረውን ከሶፋ ርቀት ላይ ዓይን አይለየውም። ጥሩ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ያለው ቦክስ፣ ራውተሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ከ100 ሜጋቢቱ ኬብል የተሻለ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ዋይፋይ የግድ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ፣ ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ባለው ላይ በእጅ መቆለፍ ይበጃል። ከ52 እስከ 144 ያሉት ራዳር የሚጋራቸው ስለሆኑ፣ ራውተሩ ራዳር ያገኘ ከመሰለው ቻናሉን ለቆ የመውጣት ግዴታ አለበት፤ በዚያን ጊዜ ጨዋታው ይቆማል። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ የሚሰካ ስቲክ ከሆነ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚመጣውን አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ መጠቀም ያስፈልጋል፤ የቴሌቪዥኑ የብረት ጀርባ ሲግናሉን ይጋርደዋል። ስቲኩን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ኃይል መስጠትም ሌላ የችግር ምንጭ ነው። ተራው የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በመደበኛው የሚሰጠው 0.5 አምፔር ነው፤ ዲኮደሩና ዋይፋዩ አብረው ሲሠሩ ያ አይበቃም፣ ስቲኩ ጨዋታ መሀል ይጠፋና ይነሳል። በሳጥኑ ውስጥ የመጣውን ቻርጀር ግድግዳው ላይ መሰካት ነው።

ኮንትሮለሩ በብሉቱዝ ስለሚገናኝ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። የዩኤስቢ 3.0 ዲስክና ኬብል በዚሁ ሞገድ ላይ የሬዲዮ ጫጫታ ይለቃሉ። ቦክሱ ላይ ፊልም ያለበት ዲስክ ተሰክቶ ኮንትሮለሩ ቁልፍ መዝለል ከጀመረ ዲስኩን ነቅሎ መሞከር የመጀመሪያው እርምጃ ይሁን። የብሉቱዝ ሄድፎን ደግሞ ጨርሶ አይመከርም፤ ድምፁን 100 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ስለሚያዘገይ፣ ምስሉ በሰዓቱ ቢደርስም ጨዋታው የዘገየ ይመስላል።

የፕሌይስቴሽን 5ቱ በኩል አጭር ነው። የሪሞት ፕሌይ አፑ አንድሮይድ ቲቪ 12 እና ከዚያ በላይ ያለው ቦክስ ይፈልጋል። ኮንሶሉ ላይ ሪሞት ፕሌይን ማብራት፣ በሬስት ሞድ (ኮንሶሉ በሚያርፍበት ሁኔታ) ሴቲንግ ውስጥ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ እንዲቆይና በኔትወርክ በኩል እንዲነሳ መፍቀድ። ሶኒ ቢያንስ 5 ሜጋቢት ይላል፣ የሚመክረው ግን 15 ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ በባዮስና (የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ) በኔትወርክ ካርዱ ሴቲንግ ዌክ ኦን ላን፣ ማለትም በኔትወርክ በኩል ማስነሻው፣ መብራት አለበት፣ ሞኒተር ከሌለው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሞኒተር መስሎ የሚታየውን ትንሽ የኤችዲኤምአይ ማስመሰያ መሰካት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሰንሻይን የሚቀዳው ስክሪን አያገኝም።

ለፊልም ቦክሱ ከኮንሶል ይሻላል፣ በዚህ አልጠራጠርም። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 ዲቪዲ፣ ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ብሉሬይ ይዘው ሲመጡ ኮንሶል ለብዙ ቤት የፊልም ማሽን ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል። ትልቅ ኮንሶል አንድ ፊልም ለማሳየት 50 ዋት ገደማ ሲፈልግ ቦክስ ከ5 ዋት በታች ይበቃዋል። በቀን 3 ሰዓት ቢታይ 50 ዋቱ በዓመት 55 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፣ 3 ዋት የሚበላው ቦክስ 3.3 ብቻ። ቦክስ ሲመረጥ ዋናው መጣራት ያለበት የዋይድቫይን (የፊልም ቅጂ መከላከያ) ኤል1 ፈቃድ ነው። ዝቅተኛው ደረጃ ኤል3 ብቻ ያለው ቦክስ ማሸጊያው ላይ 4ኬ ተብሎ ቢጻፍበትም ትልልቆቹ የፊልም አፖች ወደ 480ፒ ያወርዱታል፤ ዲአርኤም ኢንፎ የሚባለው አፕ ደረጃውን ወዲያው ያሳያል። ከዚያ ፍሬም ሬትን ከይዘቱ ጋር የሚያስማማውን ሴቲንግ ማብራት ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ 60 ለ24 እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ፍሬም ሁለቴ ሌላው ሦስቴ ስለሚታይ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ይንተከተካል።

በስትሪሚንግ የማልጫወታቸው አሉ። የፍልሚያ ጨዋታዎች በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በ16.7 ሚሊሰከንድ፣ ይሸነፉባቸዋል፤ ከሙዚቃ ምት ጋር ቁልፍ የሚያስመቱትም እንዲሁ። ለእነዚህ ኮንሶሉ ያለበት ክፍል ሞኒተር አለ፣ በኤችዲኤምአይ ቀጥታ ተሰክቷል፣ ኮንትሮለሩም በዩኤስቢ ገመድ።