ልዩነቱ 360 ነበር

በሂሳብ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በአንድ የወር መዝጊያ ላይ የሙከራ ሚዛኑ፣ ማለትም በግራ የሚመዘገበው ዴቢትና በቀኝ የሚመዘገበው ክሬዲት ድምራቸው እኩል መሆኑ የሚታይበት ሠንጠረዥ፣ አልገጥም አለኝ፤ የዴቢቱ ድምር ከክሬዲቱ በ360 ያንስ ነበር። ሁለት ቀን እስከ ሌሊት አምሽቼ እያንዳንዱን ቫውቸር (የሂሳብ ማስረጃ ወረቀት) ከመዝገቡ ጋር አራት ጊዜ አመሳከርኩ። አራቱንም ጊዜ ዐይኔ ስሕተቱን አልፎት ሄደ፤ የተጻፈውን ትቼ መጻፍ የነበረበትን አነብ ነበርና። ያን ጊዜ ይህን ጽናት እለው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አንዱን ፍለጋ ድካም እየጨመሩ ከመደጋገም ያለፈ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዋና ሂሳብ ሹሟ ዘንድ ቀርቤ፣ ለዚህ ሙያ እንዳልተፈጠርኩና ከልጅነቴ ጀምሮ ከቁጥር ጋር እንደማልስማማ ነገርኳቸው። ማጽናኛ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ስላመሸሁበት ጥቂት ምስጋናም ሳልመኝ አልቀረሁም። እርሳቸው ግን ከወረቀታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ልዩነቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

ስነግራቸው በመጀመሪያ ለ2 አካፈሉት። ዴቢት መሆን የሚገባው ሂሳብ ክሬዲት ላይ ከሰፈረ ልዩነቱ የሂሳቡ እጥፍ ስለሚሆን፣ 180 የሚል ምዝገባ እንዳለ ጠየቁኝ፤ አልነበረም። ቀጥለው ለ9 ሲያካፍሉት 40 ሆነ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ያለ ቀሪ ለ9 ይካፈላል፤ ውጤቱ 40 ከሆነ ደግሞ የተለዋወጡት የመቶና የዐሥር ቤት አሃዞች፣ በመካከላቸውም የ4 ብልጫ ያላቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። «እንደዚህ ያሉትን ብቻ ፈልግ» ብለው መለሱኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ 5,730 የነበረ ክፍያ 5,370 ተብሎ መስፈሩን አገኘሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ነበር፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ከየትኛውም ቫውቸር ጋር ሊመሳከር አይችልም። ጣሊያናዊው የሂሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ የድርብ ምዝገባን፣ ማለትም እያንዳንዱን ሂሳብ በዴቢትም በክሬዲትም የመመዝገብን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ በታተመ ሥራው ካስረዳ ከ500 ዓመታት በላይ አልፈዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን የኖረ ሙያ፣ ሠራተኛው እንደሚሳሳት ታምኖበት የማመሳከሪያ ገጽ ተዘጋጅቶለት ሳለ፣ እኔ ግን ስሕተቱን በእኔ የተጀመረ አስመስዬው ነበር።

ሂሳብ ሹሟ የራሳቸውን ስሕተቶች የሚመዘግቡበት ደብተር ነበራቸው፤ እኔም አንድ ያዝኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ መልሼ ሳነበው፣ አሃዝ የማገላብጠው በአብዛኛው ባልደረባዬ ቁጥሩን በቃል ሲነግረኝ እንደሆነ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቫውቸሩን ራሱን ካላየሁ አልመዘግብም አልኩ። ግልበጣው ቀነሰ፤ የእኔ ቀርፋፋነት ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

በኋላ በአንድ ወር ሚዛኑ በመጀመሪያው ሙከራ ገጠመልኝና ደስ ብሎኝ ወሰድኩላቸው። ጥቂት ገልጠው፣ የጥገና ወጪ በማሽን ግዢ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን አሳዩኝ። ሁለቱም ዴቢት ስለሆኑ ሚዛኑ እንዲህ ያለውን ስሕተት አያሳይም። አፍሬ ደብተሬን ሳወጣ፣ እርሳቸውም የራሳቸውን መሳቢያ ስበው ደብተራቸውን አወጡ፤ ቫውቸሩ ላይ የማጽደቂያ ፊርማቸው ነበረበት።