ምን ጎደለና ይሞላል?

በምኩራብ ሳምንት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ የመንፈሳዊ ኮሌጁ የኢንተርኔት ሬዲዮ ከበሮ ለቀቀ። ያውም የጥምቀት ከበሮ፣ ከነጸናጽሉ፣ ከነእልልታው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ተቀምጠው በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘመም ጎንደር ላይ ለማንም አይነገርም፤ የአቋቋም ምስክር ትምህርት ቤቷ በዓታ ያለችው እዚሁ ነው። የስቱዲዮው ስልክ ወዲያው መጥራት ጀመረ። የሚያነሳው ግን አልነበረም። ተረኞቹ ተማሪዎች ቅዳሴ ናቸው፣ የጾም ቅዳሴ ደግሞ 9 ሰዓት ሳይል አይወጣም።

ጣጣውን ያመጣው ቅጂ ማሳመር ነው። የዕለቱ ትምህርት የተቀዳው ጄኔሬተር ከሚያጉረመርምበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ኤዲተሩ ድምፁን ለማጥራት ኖይዝ ጌት አስገባበት፤ መምህሩ ሲናገሩ ይከፈታል፣ ትንፋሽ ሲወስዱ ጥርቅም ይላል። ለጆሮ ያምራል። መምህሩ ግን መጨረሻ ላይ «የኅሊና ጸሎት እናድርስ» ብለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብለዋል። ባልተነካው ቅጂ እዚያ ዝምታ ውስጥ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ ከዜሮ በታች 45 ዴሲቤል ላይ ተኝቷል፤ ዜሮ የድምፁ ጣሪያ ነው። በተጠራው ቅጂ ላይ ምንም የለም፣ ባዶ።

ጣቢያው ደግሞ ዝምታ ጠባቂ አለው፤ ከሚክሰሩ ቀጥሎ ባለው ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው። ድምፁ ከዜሮ በታች ከ50 ዴሲቤል ወርዶ 20 ሰከንድ ከቆየ፣ መስመር ተቋርጧል ብሎ ከመጠባበቂያው ፎልደር አንድ ፋይል አንስቶ ይለቃል። እንግዲህ ጉርምርምታው እንዳለ ቢተው ኖሮ ጠባቂው ባልነቃ ነበር። ወደ ዋናው ፕሮግራም የሚመለሰውም በእጅ ሲነካ ብቻ ነው፤ መስመሩ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ትምህርትና መዝሙር እየተቆራረጡ እንዳይቀላቀሉ ተብሎ። ጥሩ ምክንያት ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው እስካለ ድረስ።

ፎልደሩ ውስጥ የነበረው በጥር ወር ከፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዳር የተቀዳ ረጅም ፋይል ነው። የድምፅ መጠኑም አልተስተካከለም፤ ትምህርቱ ረጋ ብሎ የተቀዳ፣ ይኸኛው ጣሪያ የነካ። ዐይኑን ጨፍኖ በኅሊናው የሚጸልይ አድማጭ ምን እንደወረደበት መገመት አያቅትም።

ቅዳሴ ሲወጣ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ስቱዲዮው ድረስ መጡ።

«ከበሮውን ማን መታው?»

«ማሽኑ ነው፣ የኔታ። ሰው አልነካውም» አለ ቴክኒሻኑ።

«እሽ፣ ማሽኑ ጾም የለበትም። ያጎረሰው ማን ነው?»

ይህችን ቴክኒሻኑ ዘለላት። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙሮ፣ ቀጥ ያለውን መስመር በጣቱ እያሳየ ማስረዳት ጀመረ። «እዚህ ጋ ድምፅ የለም። ዝም ሲል ክፍተቱን ራሱ ይሞላል።»

«ጸሎት ላይ ነበሩ አላልከኝም?»

«አዎ፣ ነበሩ።»

«ታዲያ ምን ጎደለና ይሞላል?»

ልጁ መልስ አላገኘም። ሊያገኝም አይችልም፤ ጠባቂው የሚያውቀው መጠን ብቻ ነው፣ የተነቀለ ገመድና የኅሊና ጸሎት ለእሱ አንድ ናቸው። ያጎረሰው ማን ነው የሚለው ግን መልስ ነበረው። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራና ቃለ ጉባኤው ላይ «ቴክኒሻኑ ወደፊት ጥንቃቄ እንዲያደርግ» ተብሎ ሰፈረ። የጥምቀቱን ፋይል «አድማጭ ይወደዋል» ብለው ፎልደሩ ውስጥ ያስገቡት ሰው የስብሰባው ጸሐፊ ነበሩ።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ጌቱ ጨርሶ እንዳይዘጋ ሬንጁ፣ ማለትም ሲዘጋ ድምፁን የሚቀንስበት መጠን፣ 10 ዴሲቤል ላይ ተገደበ፤ ያኔ ጉርምርምታው ከዜሮ በታች 55 ላይ ይቀራል። የጠባቂው መነሻም ወደ 60 ወረደ። ለመጠባበቂያው አንዱ «የጾም»፣ ሌላው «የፍስክ» የሚባል ሁለት ፎልደር ይሁን የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። የፕሮግራሙ ቀን መቁጠሪያ ግን የፈረንጅ ነው፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ይመላለሳል፤ በየዓመቱ ቀኑን አስልቶ የሚያስገባ ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ አንድ ዓመት መርሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ፎልደሩ ውስጥ የዳዊት ንባብና የየዕለቱ ውዳሴ ማርያም ብቻ ገባ፤ ጾምም ሆነ ፍስክ ቢነበብ የሚቆጣ የለም። እዚህ ላይ ቢቆም ይበቃ ነበር።

ሰብሳቢው ግን አልረኩም፤ 20ው ሰከንድ 90 ይሁን አሉ፣ ሆነ።

ኮምፒውተሮቹ መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ናቸው፣ ሚክሰሩ ግን የተሰካው ግድግዳው ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ትምህርቱን ማጫወት አያቆምም፤ ሚክሰሩ ስለጠፋ ግን ወደ ስርጭቱ የሚያልፍ ድምፅ የለም። ዘበኛው ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ድሮ በ20 ሰከንድ ሙዚቃም ሆነ ንባብ ይገባ ነበር፤ አሁን ደቂቃው ሙሉ ጸጥ ይላል። በዚህ የተቆጣ አድማጭ የለም። እንዲያውም አንዲት እናት ደውለው፣ የኅሊና ጸሎቱ መርዘሙን አመስግነው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ይሁንልን ብለዋል።

ሚክሰሩ የሚወስደው 40 ዋት እንኳ አይሞላም፣ ዩፒኤሱ ሳይሰማው ይሸከመዋል። የጎደለው ኤክስቴንሽን ገመድ ብቻ ነው። ጥያቄው ግዥ ክፍል ገብቷል፤ የሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይቅረብ ተብሏል።